አራተኛ ፎቅ አልደርስ ያለው ውሃ

እኔ ያልተጨረሰ ነገር ያመኛል። ግማሹ ተልጦ የተተወ ሽንኩርት፣ መሃል ላይ የተቋረጠ ወሬ፣ አንድ እጅጌ የቀረው ሹራብ፣ ሁሉም ያናድደኛል። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎችን የኮምፒውተር ጌም አሰራለሁ ብዬ የተነሳሁ ቀን ራሴ ላይ ምን እንዳመጣሁ ማወቅ ነበረብኝ። ተማሪ ማስጀመር ቀላል ነው፣ ሁሉም ይጀምራል። ጉዱ ማስጨረሱ ላይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከሚያውቁት ኑሮ አንድ ነገር ይመርጡና ጌም ያደርጉታል። ኮድ መጻፍ ገና ስላልለመዱ የተዘጋጁ ትዕዛዞችን በማውስ እየጎተቱ አንዱን ከሌላው ይቀጣጥላሉ። በመጨረሻ ጌሙ ለወላጆች ይታያል፣ እያንዳንዱ ተማሪም ቆሞ ምን እንደሰራ፣ የቱ ጋ እንደተቸገረና ለምን እንደተቸገረ ይናገራል። አንዱ ቡድን ከሳሪስ ተነስቶ ትራፊክ ፖሊስ እየሸሸ ቃሊቲ የሚገባ የታክሲ ጌም ሰራ። ሌላው እንደተለመደው ኳስ። እነሱን ተዋቸው፣ እነሱ ጨርሰዋል። እንቅልፍ የነሳኝ የውሃው ጌም ነው።

የውሃውን ጌም የያዙት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተማሪ ነበሩ። ወንዱ ከኮዬ ፈጬ በአውቶቡስ የሚመጣ፣ እጁ ስዕል የሚያውቅ፣ አፉ ደግሞ የማያርፍ ልጅ ነው። ሰዓሊያችን እንለዋለን። ሴቷ ትዕዛዞቹን ትቀጣጥላለች፤ ጌሙን ጌም የምታደርገው እሷ ናት ማለት ነው። የምትኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም አቅም ስለሌለው ከምድር ቤት አያልፍም። ስለዚህ ጌሙ ላይ አንዲት ልጅ ከግቢው ቧንቧ ጀሪካን እየሞላች፣ ውሃው ሳይሄድ በደረጃ አራተኛ ፎቅ ታደርሳለች። ቤት ያለውን በርሜል ከሞላች አሸነፈች፣ ውሃው ከቀደማት ተሸነፈች፣ በቃ። ሃሳቡን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። እኔም ቃሊቲ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ስለምኖር ነገሩ ወገቤ ድረስ ይገባኛል።

ልጅቷ ቅዳሜ የምትመጣው ግን በስንት ልመና ነው። አባቷ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ የወሎ ሰው። እናቷ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችውን ሱቃቸውን ትጠብቃለች። ቅዳሜ ገበያተኛው ይበዛል፣ ታናናሾቿ ገና ሕፃናት ናቸው፣ ሌላ እጅ የለም። ሥራውን በጀመርን ሰሞን አባትየው ከመንገድ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ጌም ምናምን የሚባለው ነገር ብዙም አይገባኝም» አሉ። «ግን ጀምራለች፣ የጀመረችው ፕሮጀክት እስኪያልቅ ትምጣ፣ አልከለክልም። ካለቀ በኋላ ቅዳሜ ሱቅ ነው የምትውለው። እናቷ ብቻዋን አልቻለችም።»

«እስኪያልቅ ብቻ?» አልኩ።

«እስኪያልቅ። ቃሌ ነው» አሉ፤ ከኋላቸው የመኪና ጡሩምባ ጆሮ ይበጥሳል።

ምን ልበል? እሺ አልኩ። እኔ ግን ጌሙ ሲያልቅ ጎበዞቹን ይዤ እውነተኛውን ኮድ ላስተምር አስቤ ነበር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ደግሞ ይቺን ልጅ ነው። ሱቅ መቆም ነውር ነው አልልም፣ እኔም ሳሙናና ዘይት የምገዛው ከሰው ሱቅ ነው። ግን እንደሷ የሚያስብ ጭንቅላት በየዓመቱ አይገጥመኝም። ለማንም ሳልናገር ተበሳጨሁ።

ሰሚስተሩ ሲጋመስ ጌሙ ያለቀ መሰለኝ። ልጅቷ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ቧንቧው ይቀጥናል፣ በርሜሉ ይሞላል። ቅዳሜ ጠዋት እሰየው ብዬ ልፈርምላቸው ስል ጌሙ ውስጥ አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«እኚህ ደግሞ ማናቸው?» አልኳት።

«ጎረቤት ናቸው ቲቸር።»

ሽማግሌው ልጅቷን ባለፈች ቁጥር ያስቆሟታል። እንዴት አደርሽ፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ አባትሽ ከመንገድ ገባ፣ ታናናሾችሽስ። ለእያንዳንዱ መልስ ካልተሰጠ የትኛውም ቁልፍ ቢጫን አትንቀሳቀስም። ሰላምታው ሲያልቅ ውሃውም አልቋል። ሳቅኩ፤ እውነት ለመናገር ሽማግሌው ደስ ብለውኝ ነበር። «እሺ፣ አሁን ትንሽ አፍጥኑትና ጨርሱ» ብዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ መጣች። እሷም ታስቆማለች። በሌላው ቅዳሜ ሶስተኛ ፎቅ ላይ አራስ ገባች፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳይባል አይታለፍም። ቀጥሎ የግቢው ዘበኛ። «ይበቃል» አልኩ፣ «አዲስ ሰው እንዳላይ» አልኩ፣ አንዴም ጮህኩ። «እሺ ቲቸር» ትላለች አንገቷን ደፍታ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሰው ተጨምሮ ይጠብቀኛል። እልኸኛ ናት አልኩ። ሥራ መጨረስ የማትወድ ሰነፍ ናት ብዬም አማኋት።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ሳላወጣ ሰዓሊያችን እየተንጨረጨረ መጣ።

«ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ልታሳብደኝ ነው። ድንኳን ሳል አለችኝ።»

«የምን ድንኳን?»

«የለቅሶ ነዋ። ውሃ ልንቀዳ ወጥተን ለቅሶ ልንቀመጥ ነው።»

ሄጄ አየሁ። እውነትም ቧንቧው አጠገብ ድንኳን ተተክሏል። ልጅቷ ጀሪካኗን ደጅ አስቀምጣ፣ ገብታ ካልተቀመጠች ጌሙ ወደ ቧንቧው አያሳልፋትም። ተቀምጣ እስክትነሳ ውሃው ሄዷል።

«ይሄን ጌም ማን ሊያሸንፈው ነው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ግቢ ውስጥ ለቅሶ እያለ ጀሪካን ይዤ ዝም ብዬ ልለፍ?» አለች ኮስተር ብላ። «ሰው ምን ይለኛል?»

 በጨዋነት ላይ እንዴት ይቆጧል?

ሌሎች ይነግሯታል ብዬ የታክሲውን ቡድን ልጆች ጌሙን እንዲሞክሩና አስተያየት እንዲጽፉ አደረግኩ። ሁሉም ተሸነፉ። ሁሉም «በጣም አሪፍ ነው፣ በርቱ» ብለው ጻፉ። አንዱን ያዝኩት።

«አራተኛ ፎቅ ደርሰሃል?»

«አይ ቲቸር፣ አራሷ ጋ ነው ያለቀብኝ።»

«ታዲያ ምኑ ነው አሪፉ?»

«አይ፣ ለፍተዋል ብዬ ነው።»

እኔ ለፍተዋል ወይ አላልኩም፣ ይሰራል ወይ ነው ያልኩት። ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንድ ቀን ሁላችንንም ጉድ ይሰራናል። ስለ ራሳቸው ሥራ የጻፉትማ የባሰ ነው። የቱ ጋ ተቸገራችሁ ብዬ ብጠይቅ፣ ሰርግ ላይ እንደሚናገር ሽማግሌ ፈጣሪን አመስግነው፣ ወላጅን አመስግነው፣ እኔን አመስግነው፣ «ምንም ችግር አልገጠመንም» ብለው ደመደሙ። የሁሉንም ወረቀት መለስኩላቸው። «ችግር የሌለበት ሰው ቅዳሜ ቤቱ ይተኛል» አልኳቸው። የውሃዋ ልጅ ወረቀቷን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚያው ሳምንት እኛ ግቢ ውሃ በማለዳ መጣ። ጀሪካኔን ሞልቼ ደረጃውን ተያያዝኩት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ወሬ ከጀመረች ወጥ ቢያርርባት የማትለቅ። በሯ ላይ ቆማ ሳያት አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ገና ስታየኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፈችና «እለፊ እለፊ፣ ሸክም ይዘሽ አትቁሚ» አለችኝ። ሰላምታዬን እንኳን አልጠበቀችም።

ሁለት ደረጃ ወጥቼ ቆምኩ። ለካ ማንም አስቁሞኝ አያውቅም። ባዶ እጄን ስወርድ እንጂ፣ ተሸክሜ ስወጣ ሽማግሌም ቢሆን መንገድ ይለቅልኛል። ይሄን ደግሞ ልጅቷ ከኔ በላይ ታውቀዋለች፣ ውሃ ስትሸከም ነው ያደገችው። ለቅሶውስ ቢሆን? ለቀስተኛ ውሃ ይፈልጋል። ጀሪካን የያዘች ልጅ ድንኳን ደጃፍ ብትደርስ ማን ነው ነይ ቁጭ በይ የሚላት? እንዲያውም ለኛም አምጪልን ነው የሚሏት። ስትዋሸኝ ነው የከረመችው ማለት ነው። የጀሪካኑ እጀታ መዳፌን እየቆረጠው፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ ልጆቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ አስቀረኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጀሪካን ተሸክመሽ ስትወጪ ጎረቤት ያስቆምሻል?»

ቁልፍ መጫኗን ቀጠለች።

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«አያስቆሙኝም ቲቸር። ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያሳልፉኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ለምንድነው የደረደርሽብኝ?»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ካለቀ ቅዳሜ የለኝማ» አለች።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። እኔ እልኸኛ፣ ሰነፍ ስላት የከረምኩት ልጅ ለካ እያንዳንዱን ጎረቤት የምታመጣው አንድ ቅዳሜ ለማትረፍ ነው። ሽማግሌው አንድ ቅዳሜ፣ አራሷ አንድ ቅዳሜ። ለቅሶውማ ሁለትም ሳያተርፍላት አልቀረም፣ ድንኳን መሳል ጊዜ ይፈጃል። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

«አባትሽ ጋ ልደውል?»

«አይ ቲቸር፣ በአላህ። አባቴ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው፣ ቃሉን አያጥፍም። ደግሞ እናቴም እውነቷን ነው፣ ደክሟታል።»

እንዲሁ ልተዋት ይሆን ብዬ አሰብኩ። የወላጆች ቀን ግን ደርሷል። አባትየው መጥተው ልጄ ይሄን ሁሉ ቅዳሜ እናቷን ጥላ የማይሰራ ነገር ነው ወይ ስትሰራ የከረመችው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

«ስሚኝ» አልኳት። «ያልተጨረሰ ሥራ ይዤ ስላንቺ መከራከር አልችልም። አንቺ ጨርሺው፣ ከዚያ እኔ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።»

«አባቴ ባይሰማዎትስ?»

«ባይሰሙኝም የጨረስሽው ሥራ ያንቺ ነው፣ ማንም አይወስድብሽም።» አልኩ እንጂ እኔም ብዙ አላመንኩበትም። እሷም እንዳላመነች ፊቷ ይናገራል፣ ግን ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።

አንድም ጎረቤት አላባረረችም። ልጅቷ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ ሁሉም ያስቆሟታል፣ እሷም በወጉ ትመልሳለች። ሞልታ ስትወጣ ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፉና «እለፊ» ይሏታል። ድንኳኑ ጋ ስትደርስ የመጀመሪያውን ጀሪካን ለለቅሶ ቤቱ ሰጥታ ትቀጥላለች። ሰዓሊያችን ሁሉንም ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደገና መሳል ነበረበት፣ አራሷን ሳይቀር፤ ሲያጉረመርም ዋለ። አንዴ መብራት ሄዶ ፍላሽ ላይ ያላስቀመጡት ሥራ ሁሉ ጠፋ። ድሮ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ከመጀመሪያው ሰራችው። አልቆ በርሜሉ ሲሞላ ሰዓሊያችን አጨበጨበ፣ እኛ ሁለታችን ግን አላጨበጨብንም።

የወላጆች ቀን የመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። የልጅቷ እናት ሱቅ ላይ ስለሆነች አልመጣችም። አባትየው ዘግይተው ገቡ፣ መኪናቸውን ዋናው መንገድ ዳር አቁመው፣ የመንገዱ አቧራ ከጃኬታቸው ሳይለቅ። የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ለሳቸው የምለውን ቤቴ ስለማመድ ነው ያደርኩት፣ ከደመወዝ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያልነካሁት የለም።

የልጅቷ ተራ ደረሰ። ወረቀቷን ይዛ ቆመች። ስለ ጎረቤቶቹና ስለ ሸክሙ ታወራለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«እኔ የተቸገርኩት ትዕዛዞቹ ላይ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ጌሙ በፊት አልቆ ነበር። እንዳያልቅ ሰው እየጨመርኩ አቆየሁት። ጎረቤቶቼ የማያደርጉትን እንደሚያደርጉ አድርጌ ሰራሁ፣ ጓደኛዬንም ያለ ሥራው አደከምኩት። እንዲህ ያደረግኩት ጌሙ ሲያልቅ ቅዳሜ መምጣቴም ስለሚያልቅ ነው። አሁን ግን ጨርሼዋለሁ።»

ተቀመጠች።  እንዲህ ተናገሪ ብዬ የመከርኳት እኔ አይደለሁም፣ ብትጠይቀኝም ተይው ነበር የምላት። አባት ፊት፣ ያውም በሰው መሃል? የሳቸውን ፊት ማየት ፈራሁ። ነገሩን ላለዝበው ብዬ ወደሳቸው ሄድኩና «እንግዲህ ልጅዎ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ መምህር፣ መጀመሪያ ልየው።»

መጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆመች። መሪ የለመደ ትልቅ እጅ ነው፣ በአንድ ጣት ቁልፉን እየተጫኑ ወረዱ። ሴትዮዋን ጠየቁ፣ ሽማግሌውን ሰላም አሉ፣ ዘበኛውን ሰላም አሉ። መልሱን ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያነበቡ ነው። ሽማግሌው ጋ ሁለቴ ተመላለሱ። ውሃው ሄደ።

«ሄደ?»

«ሄደ አባ።»

«እንደገና።»

በሁለተኛው ለለቅሶ ቤቱ አደረሱ፣ ጀሪካኑን ይዘው ወጡ፣ ጎረቤት ሁሉ «እለፊ» አላቸው። ተመላልሰው በርሜሉን ሞሉት። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተና አንዲት እናት ወጥታ እጇን ዘረጋች። አባትየው ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ።

«አለቀ?»

«አለቀ አባ።»

ወደኔ ዞሩ። «አልቋል ይላሉ፣ መምህር?»

አልቋል ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ግን ጌሙ ይሰራል፣ እንከን የለውም፣ ያስጨረስኳትም ራሴ ነኝ። ሰው ፊት ምን ብዬ ልዋሽ?

«አልቋል» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አላነሱም።

«ይሄ የኛ ብሎክ ነው አይደል?» አሏት።

«አዎ አባ።»

«ከጀርባችን ያለውስ?»

«እሱን አልሰራነውም።»

«ለምን? እዚያ ሰው አይኖርም? ውሃ አይሸከሙም?»

«ይሸከማሉ።»

«ከሱ ወዲያ ያሉትስ?»

«እነሱንም አልሰራናቸውም» አለች።

ተነስተው ቆሙ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አላለቀም» አሉኝ። «እኔ እስኪያልቅ ነው ያልኩት። ቃሌን አላጥፍም።»

ያ ሁሉ የተለማመድኩት ንግግር ሳይነገር ቀረ። ልጅቷ «ሱቁስ?» አለች፤ እኔ ልጠይቅ ያልደፈርኩትን።

«ቅዳሜ ጠዋት ቢዘጋ ሰው አይሞትም። እናትሽም ትተኛበታለች።»

«ቆይ፣ ያን ሁሉ ብሎክ ማን ሊስለው ነው?» አለ ሰዓሊያችን ከጎን። እናቶቹ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም፣ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ቆማለች። አባትየው እሷን ላለማየት ይመስለኛል እኔን ነው የሚያዩት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ።

«ግቢው ሰፊ ነው» አልኳቸው። «ዓመትም ያልፋል።»

«ይፍጅ» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።